አራት ኪሎ የሚገኝ የመታሰቢያ መጽሔት አዘጋጅ ቤት፦ የአባታችን ሕይወት በ36 ገጽ

ለአባታችን ሙት ዓመት የመታሰቢያ መጽሔት ለማሳተም ስንነሣ፣ በአዲስ አበባ መሀል ከተማ ይህን የሚሠራ ቤት ማግኘት ያስቸግረናል ብለን አላሰብንም ነበር። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ስድስት ኪሎ ድረስ «የሕይወት ታሪክ፣ ባነር፣ ስቲከር፣ መጽሔት እናዘጋጃለን» የሚል ማስታወቂያ በበሩ ላይ ያልለጠፈ የኅትመት ቤት ጥቂት ነው። ያስቸገረን ሌላ ነበር፤ እርሱም በየሳምንቱ መጨረሻ መንጠቋቸውንና የምሳ ዕቃቸውን ይዘው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ከከተማ የሚወጡትን ሰው እንደነበሩ አድርጎ የሚያሳይ ባለሙያ ማግኘት ነው። በመጨረሻ እንዲህ ያለ ቤት ስላገኘን፣ ሌሎች ሐዘንተኞች እኛ በመጀመሪያ እንደሆንነው ገንዘባቸውንና ልባቸውን እንዳያባክኑ በማሰብ ያየሁትን ሁሉ፣ ጉድለቱንም ጭምር፣ እዚህ አሰፍራለሁ።

ቤቱ የሚገኘው አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ አሮጌ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስሙን ያልጠቀስሁት ባለቤቷ ስላልፈቀዱልኝ ነው፤ ሥራ የሚመጣላቸው ከአፍ ለአፍ በመሆኑ ይህ ይበቃኛል ባይ ናቸው። ይሁንና ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በአካባቢው ወረቀት ሻጩም ጠራዡም ማኅተም ቀራጩም ስለማይጠፋ፣ ከሚያዝያ 27 አደባባይ በእግሩ ተነሥቶ «የመታሰቢያ መጽሔት የሚሠሩት ሴትዮ» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያሳየው አያጣም። እኔም ያገኘኋቸው በዚሁ መንገድ ነው።

ወደ እርሳቸው ከመድረሳችን በፊት የደረሰብንን ሳልናገር ባልፍ ግምገማዬ ጎዶሎ ይሆናል። አባታችን ባረፉበት ሰሞን፣ በድንኳኑ ግርግር መካከል፣ ለቀብሩ የሚሆን ፎቶና በራሪ ጽሑፍ በአንድ ሌላ ቤት አሠርተን ነበር። የሰጠነው ፎቶ አባታችን በእንጦጦ ጫካ ውስጥ፣ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ላብ በግንባራቸው ላይ እያበራ ሲስቁ የሚያሳይ ነበር። የተመለሰልን ግን ፊታቸው ፈክቶ፣ መጨማደዳቸው ተስተካክሎ፣ ኮፍያቸው ወልቆ፣ ከኋላቸው የነበረው ዛፍ ሁሉ ተቆርጦ በምትኩ ደመናና ነጭ ርግብ የገባበት ምስል ነው። ከአንገታቸው በታችም የእርሳቸው ያልሆነ ኮትና ክራቫት ተደርጎላቸዋል። አባታችን ክራቫት ያሰሩት ለሠርጋቸውና ልጆቻቸውን ለመዳር ብቻ መሆኑን የሚያውቁ የሥራ ባልደረቦቻቸው ፎቶውን ቀና ብለው አይተው ዝም አሉ። በዚያን ቀን ለመቆጣት ዐቅም አልነበረንም፤ እናታችን ግን ያንን ፎቶ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ከግድግዳ አውርደው በቁም ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት።

ለሙት ዓመቱ ጊዜ ስለነበረን ነገሩን ከሦስት ወር አስቀድመን ጀመርን። ወደ አራት ኪሎው ቤት በመጀመሪያ የሄድሁት እኔ ነኝ፤ ይዤ የሄድሁትም በሁለት ፌስታል የታጨቀ ወደ 200 የሚጠጋ ፎቶግራፍ፣ ሦስት አልበምና ለቀብሩ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ግልባጭ ነበር። ባለቤቷ ፎቶዎቹን ወደ ጎን አድርገው በመጀመሪያ የሕይወት ታሪኩን አነበቡ፣ እኔም የሚሉትን ስጠብቅ እርሳስ አንሥተው ከሥር ከሥሩ ማስመር ጀመሩ። ጽሑፉ ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ነበር፦ ከአባታቸውና ከእናታቸው ተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፣ በቀያሽነት ሙያ መንግሥትን ለ34 ዓመታት አገለገሉ፣ ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤቷ «ለተቸገረ ደራሽ» በሚለው ላይ እርሳሳቸውን አሳርፈው «ለማን ደረሱ?» አሉኝ።

ጥያቄው ያልጠበቅሁት ስለነበር ወዲያው አልመለስሁም። ከዚያ ግን ትዝ አለኝ። አባቱ በልጅነቱ የሞተበት የጎረቤታችን ልጅ ነበረ፤ አባታችን በአሮጌዋ ቮልሳቸው እኛን አራታችንን ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ዝዋይ በወሰዱ ቁጥር እርሱን አምስተኛ አድርገው ከኋላ መቀመጫ ላይ በእቅፋችን ያስቀምጡት ነበር። ይህን ስነግራቸው ባለቤቷ «ይህ ልጅ አሁን የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ እርሱ አሁን የሦስት ልጆች አባት ነው። «እንግዲያው ይህን ገጽ አንቺ ሳትሆኚ እርሱ ይጻፈው» አሉኝ። በመጽሔታችን ገጽ 14 ላይ የሚገኘውና ያነበበ ሁሉ የሚያነሣው ጽሑፍ በዚህ መንገድ የመጣ ነው፤ ያለ እርሳቸው ጥያቄ ለማናችንም አይታሰበንም ነበር።

የአገልግሎታቸው ዋናው ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ቤቶች ጽሑፉን ተቀብለው ይተይባሉ፣ ፎቶውን ተቀብለው ይደረድራሉ፤ እኒህ ሴት ግን በሰውየው ላይ የተባለውን እያንዳንዱን መልካም ቃል አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው እንዲኖረው ይጠይቃሉ። «ልጆቻቸውን የሚወዱ» ብለን የጻፍነውን ሰርዘው፣ በምን ይወዷችሁ እንደነበር ጻፉልኝ አሉን። አራታችን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበን ተነጋገርን። ለካ አባታችን ፍቅራቸውን በቃል ገልጸውልን አያውቁም ነበር፤ የሚነግሩን ዓርብ ማታ የቮልሷን ዘይት ሲያዩ፣ ናይሎን ክሩን በእንጨት ላይ ሲጠቀልሉ፣ «ነገ ማን ይነሣል?» ብለው ሲጠይቁ ነበር። እናታችን ደግሞ ዳቦ ቆሎውንና የተቀቀለ እንቁላሉን እያዘጋጁ «ልጆቹን ብርድ እንዳታስመታብኝ» ይላሉ። የመጽሔቱ መክፈቻ ገጽ ይኸው የዓርብ ማታ ሆነ። የትውልድ ቦታቸውና የተማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ወደ መጨረሻው ገጽ በአጭሩ ተላለፉ። አንዳንድ ዘመዶች በቅደም ተከተሉ ቅር መሰኘታቸውን አልደብቅም፤ እኔ ግን ትክክል ነበር እላለሁ።

አሁን ወደ ፎቶው ሥራ ልመለስ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተነሣናቸው የቀለም ፎቶዎች ሁሉ ወደ ቀይ አድልተው ነበር፤ እኛም ያረጀ ፎቶ እንዲህ ይሆናል ብለን እንደ ተፈጥሮው ተቀብለነው ኖረናል። የቤቱ ወጣት የፎቶ ባለሙያ ምክንያቱን በትዕግሥት አስረዳኝ፦ የዚያ ዘመን ፎቶ በሦስት ማቅለሚያዎች የሚሠራ ሲሆን፣ ከሦስቱ ሳያን የሚባለው ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚያደላው በጨለማ አልበም ውስጥ ቢቀመጥም እንኳ ቀድሞ ስለሚደበዝዝ የቀረው ቀለም ወደ ቀይ ይሄዳል። ገጹ ሙጫ የተቀባ፣ በላዩ ፕላስቲክ የሚለበጥበት አልበም ደግሞ ፎቶውን ከነጀርባው ያበላሻል። ከእንዲህ ያለው አልበም የተጣበቁትን ፎቶዎች በጣቱ ለመላጥ አልሞከረም፤ ቀጭን የጥርስ ክር ከሥራቸው እያስገባ ቀስ እያለ አላቀቃቸው፣ እምቢ ያሉትን ደግሞ ከነገጻቸው ስካን አደረጋቸው። ለእኔ ይህ ብቻ የከፈልነውን ገንዘብ ያህል ነበር።

ከፎቶዎቹ አንዱ አባታችን በዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ከእርሳቸው ርቆ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቆሞ እያያቸው፣ አራት ቆሮሶ በክር አንጠልጥለው የተነሡት ነው። ይህን ፎቶ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሳሎናችን ግድግዳ ላይ አይተነዋል። ከጥግ እስከ ጥግ ቀልቶ ስለነበር ጃኬታቸውም፣ ዳርቻውም፣ ሰማዩም አንድ መልክ ይዘው ነበር። ወጣቱ ቀለሙን መልሶ ጃኬታቸው ወደ አረንጓዴነቱ ሲመጣ፣ በግራ ትከሻቸው ላይ የተጣለ አንድ ትንሽ ቀይ ነገር ብቻውን ጎልቶ ቀረ። ባለቤቷ ወደ ኮምፒዩተሩ ጠጋ ብለው «ይህ በትከሻቸው ላይ ያለው ምንድን ነው?» ሲሉ ወጣቱ ምስሉን አቀረበው። የእጅጌው ጫፍ ተተርትሮ በነጭ ክር የተጠገነ የልጅ ሹራብ ነበር። የእኔ ሹራብ ነው፤ ጥገናውም የእናቴ ነው። ረፋድ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ አውልቄ የሰጠኋቸውን፣ ዓሣ በአንድ እጃቸው፣ መንጠቆ በሌላው ይዘው በመሆናቸው ትከሻቸው ላይ ጥለውት ፎቶ የተነሡት ነው። እኔ በፎቶው ውስጥ የለሁም፤ ከካሜራው ጎን የሆነ ቦታ ውሃ እየረጨሁ ሳልሆን አልቀርም። ባለቤቷ ያን ጊዜ ምንም አላሉም፤ ወንበር ሳብ አድርገው አስቀመጡኝና ሻይ አዘዙልኝ። በማግስቱ ግን ደውለው ለሽፋኑ የመረጥነው የጡረታ ቀን ፎቶ ተቀይሮ ይህ ቢሆን ምን ይመስልሻል አሉኝ። ሽፋኑ ይኸው ሆነ።

ቀለም መመለስ ግን ሁልጊዜ አይሳካም፤ እዚህ ላይ ቤቱ የሠራውን ስሕተት መናገር ይገባኛል። የመጀመሪያው ናሙና ሲመጣ እናታችን ገጽ 9 ላይ ቆም ብለው ረዥም ጊዜ ካዩ በኋላ «ይህ ላንጋኖ አይደለም» አሉ። እኛ ደግሞ ነው አልናቸው፤ ድንጋዩም፣ ባሕሩ ዳር ያለው ግራርም፣ የወንድሜ ዋና ልብስም ላንጋኖ መሆኑን ይመሰክራል። «ውሃው እንዲህ ሰማያዊ አይደለም» ብለው ጸኑ። እውነታቸውን ነበር። የላንጋኖ ውሃ በተፈጥሮው ቡናማ ነው፤ ወጣቱ ባለሙያ ወደዚያ ሄዶ ስለማያውቅ የውሃውን ቡናማነት የፎቶው እርጅና ያመጣው መስሎት ከቀይነቱ ጋር አብሮ አጥቦታል። ስንነግረው አልተከራከረም፤ እንዲያውም እናታችንን «እማማ፣ እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው ቀለሙን ይንገሩኝ» ብሎ ጠየቃቸው። በመጨረሻ እርሳቸው ደረጃውን መውጣት ስላልቻሉ፣ እኔ በስልኬ የላክሁላቸውን ምስል እያዩ «አሁንም ትንሽ ሻይ ይምሰል» እያሉ በስልክ አስተካከሉት። ከዚህ በመነሣት ለሌሎች የምመክረው፣ ቀለሙ የሚመለስ ፎቶ ሲሰጡ ቦታውን የሚያውቅ ሰው እንዲያየው ማድረግን እንዳይረሱ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሐይቅ ሁሉ ሰማያዊ ነው ብሎ ያስባል።

የፎቶ መግለጫዎችን በተመለከተ ቤቱ ያለው ጥንቃቄ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ባለቤቷ «ከልጆቻቸው ጋር» ወይም «በመዝናናት ላይ» የሚል መግለጫ አይቀበሉም፤ ቦታና ዓመት ይፈልጋሉ። በቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ አጠገብ በተነሣ አንድ ፎቶ ላይ ከአባታችን ኋላ ርቆ የሚታየውን ተራራ እኔ የረር ነው ብዬ ጽፌ ነበር። በቤቱ ውስጥ ጥረዛ የሚሠሩ አንድ አዛውንት በአጠገባችን ሲያልፉ አዩትና «ይህ ዝቋላ ነው፤ ከየረር ጋር አይምታታም፤ እዚያ በየዓመቱ መጋቢት 5 እወጣለሁ» አሉ። እኔ ደግሞ ይህን ስሰማ አባታችን እንደዚሁ ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ክብረ በዓል በእግራቸው ዝቋላን መውጣታቸውን፣ ከተራራው አናት ላይ ስላለው ሐይቅም ሲተርኩልን ማደጋችንን አስታወስሁ። መግለጫው ታረመ፣ በዚያም ገጽ ላይ ስለ ዝቋላ ጉዞ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተጨመረ። የእንጦጦውን፣ የመናገሻ ሱባ ጫካውንና የወንጪውን ፎቶዎች ግን ያለ ብዙ ችግር ለየናቸው፤ ቀያሽ አባት ያሳደገው ልጅ ቢያንስ ኮረብታ ከኮረብታ መለየት አለበት ይሉን ስለነበር በዝቋላው ማፈሬ አልቀረም።

የመጽሔቱ ጽሑፍና ፎቶ ተዘጋጅቶ ሲያልቅ 34 ገጽ ሆነ። መሀሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ገጹ ለአራት የሚካፈል መሆን ስላለበት ሁለት ባዶ ገጽ ተረፈን። እንዲህ ሲሆን ሌላው ቤት የሻማና የአበባ ምስል ወይም ማንም ላይ ሊጻፍ የሚችል የስንኝ ግጥም እንደሚያስገባ በቀደመው ልምዳችን አይተናል። ባለቤቷ ግን «በእጃቸው የጻፉት ነገር የለም?» ብለው ጠየቁ። ነበረ። አባታችን በቀያሽነት ዘመናቸው የለመዱትን ይዘው ለእያንዳንዱ የዓሣ ጉዞና የተራራ ጉዞ በትንሽ ባለ ካሬ ደብተር ውስጥ ቀኑን፣ አየሩን፣ የያዙትን ዓሣ ብዛትና ከልጆቻቸው ማን እንደተከተላቸው ይመዘግቡ ነበር። ደብተሩን አምጥቼ አብረን አገላበጥነው። «ነፋስ። አምባዛ አንድ፣ ቆሮሶ ሦስት። ትንሿ ታምማ ስላልመጣች ቶሎ ተመለስን።» «ዝናብ። ዓሣ የለም። ሁለቱ ወንዶች አብረውኝ ነበሩ፤ መልካም ቀን።» ሁለቱ ባዶ ገጾች በዚህ ተሞሉ። ጽሑፉ ከነቀለሙ፣ ከነጭቃው ምልክት፣ አንድ ቦታ ላይ ደርቆ ከተጣበቀው የዓሣ ቅርፊት ጋር እንዲታይ ስካን ተደርጎ በልኩ ታተመ። ወጣቱ ቅርፊቱን ቆሻሻ መስሎት ሊያጠፋው ሲል ባለቤቷ እጁን ይዘው አስቆሙት።

ስለ ኅትመቱ ጥራት በአጭሩ እናገራለሁ። ውስጡ 150 ግራም፣ ሽፋኑ 300 ግራም አርት ፔፐር ሲሆን ሽፋኑ የማያብረቀርቅ ማት ላሚኔሽን ተደርጎበታል። የሚያብረቀርቀው በድንኳን አምፖል ሥር ስለሚያንጸባርቅና የጣት አሻራ ስለሚይዝ ማቱን እንድንመርጥ የመከሩን እነርሱ ናቸው፤ ምክሩም ልክ ነበር። የፊደል ጥንቃቄያቸውም የሚመሰገን ነው፤ «ዐረፉ» በዐይኑ ዐ፣ «ሥላሴ» በንጉሡ ሠ፣ «መድኃኔ ዓለም» በብዙኃኑ ኀ ቤት ተጽፎ ሳገኘው ለቤተ ክህነት ሰዎች መጽሔቱን ስሰጥ አልሳቀቅሁም። ሦስት ጊዜ ናሙና አሳይተውናል፤ ለዚህ የተለየ ክፍያ አልጠየቁም።

ቅር ያሰኙኝ ነገሮች አሉ። ሕንጻው አሳንሰር ስለሌለው አረጋውያን ወደ ቤቱ መውጣት አይችሉም፤ የመታሰቢያ ሥራ ደግሞ ከሁሉ በላይ የአረጋውያንን ትውስታ የሚሻ በመሆኑ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ስልካቸው ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ አይነሣም። በመኪና የሚሄድ ሰው በአካባቢው የሚቆምበት ቦታ ስለማያገኝ በታክሲ ወይም በእግር ቢሄድ ይሻለዋል። ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን ሥራው ከተቀጠረበት ቀን አራት ቀን መዘግየቱ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ነበር የሚል ምክንያት ተሰጥቶናል፣ ምክንያቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን መጽሔቱ የደረሰን ለሙት ዓመቱ ሁለት ቀን ሲቀረው በመሆኑ ያንን ሳምንት ያለ እንቅልፍ አሳለፍሁት። ቀኑ የማይገፋ ሥራ ያለው ሰው ቀጠሮውን ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይያዝ። ከ150ው ቅጂ ስድስቱ ገጻቸው ተዛንፎ ተሰፍቶ ነበር፤ እነርሱን ግን በማግስቱ ያለ ክርክር ቀይረውልናል።

ዋጋው ርካሽ አይደለም። ለአንዱ ቅጂ 320 ብር፣ ክፉኛ ለተጎዱ 18 ፎቶዎች ጥገና ደግሞ ለእያንዳንዱ 250 ብር ከፍለናል፤ በአጠቃላይ 52,500 ብር ነው። ግማሹ በቅድሚያ፣ ቀሪው በርክክብ ጊዜ በቴሌብር ይከፈላል። ከእነርሱ በፊት የጠየቅነው ቤት ቅጂውን በ210 ብር ሊሠራልን ነበር፤ ወንድሞቼም ልዩነቱን አይተው ተጠራጥረው ነበር። ሆኖም ዐቅም የሌለው ቤተሰብ የገጹን ቁጥር ወደ 16 አውርዶ፣ ቅጂውንም ቀንሶ በዚያው ጥንቃቄ ማሠራት እንደሚችል ባለቤቷ ራሳቸው ለሌላ ደንበኛ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ፤ ሰውየውን ወደ ትልቁ ትእዛዝ ሊገፉት አልሞከሩም።

በሙት ዓመቱ ቀን፣ ከጸሎቱ በኋላ፣ መጽሔቱን በየጠረጴዛው አደልን። እንደ ልማዱ የሕይወት ታሪክ የሚያነብ ሰው አላቆምንም፤ የጎረቤታችን ልጅ ግን ገጽ 14ን ራሱ ተነሥቶ አነበበ። ከዝዋይ ድረስ የመጡ፣ አባታችንን ለብዙ ዓመታት በጀልባቸው ሲያወጧቸው የነበሩ አንድ አሳ አጥማጅ ሽፋኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩና ከማንም ሳይሰሙ ወደ እኔ ዞረው «ሹራቡ ያንቺ ነው አይደል? ያን ቀን ውሃ ውስጥ ልትጥይው ስትዪ ነው የተቀበሉሽ» አሉኝ። ባለቤቷ በጥሪያችን መጥተው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ይህን ስነግራቸው ደስ አላቸውና፣ ለሁለተኛው ኅትመት ስለ ሹራቡ ከሽፋኑ ጀርባ አንድ መስመር እንድንጨምር ጠየቁኝ፤ ጨምረናልም።

ሁለተኛውን ኅትመት 30 ቅጂ አዝዘን ተረክበናል፤ ይህ በቀኑ ደርሶልናል። ፎቶዎቻችንንም እያንዳንዳቸው ቁጥር በተጻፈበት የወረቀት ፖስታ ገብተው መልሰውልናል። የቀረው ገና ያልታጠቡ ፊልሞችና ኔጌቲቮች የሞሉበት አንድ የጫማ ካርቶን ነው፤ ከትንሣኤ በኋላ ይዤው እመለሳለሁ። እናታችን በዚህ ጊዜ ሦስቱን ፎቅ እያረፉ ወጥተው ከወጣቱ አጠገብ ለመቀመጥ ቁርጥ አድርገዋል፤ ምክንያቱም በካርቶኑ ውስጥ እኛ ከመወለዳችን በፊት ሁለቱ ብቻ ወንጪ የሄዱበት አንድ ጥቅል እንዳለና የዚያን ቀን ሰማዩ ምን ዓይነት እንደነበረ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው።